ሮበርት በርንስ እና የመሰነባበቻው ዘፈን

ባለፈው የመገናኛ በዓላችን ማታ፣ እራቱ አልቆ ሰው ሁሉ ኮቱን ሲፈላልግ፣ ከውጭ አገር የመጡት ጓደኞቻችን ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ እንድንያያዝ አደረጉን። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንድ ዜማ ጀመረ። ዜማውን የማያውቅ አልነበረም፤ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በቴሌቪዥን ሰምተነዋል፣ ፊልም ላይም ሰምተነዋል። ግጥሙን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልተገኘም። ላላላ እያልን ጨረስነው። አጠገቤ የቆመው የአናቶሚ ክፍል ጓደኛዬ፣ ያ ደረቅ ቀልደኛ፣ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። እኔም አላመለጥኩም። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ለካ ምን እያልን እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ነው የተላቀስነው ብዬ የሳቅሁት።

ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፊ ስባል ያ ማታ ትዝ አለኝ፤ የዘፈኑን ባለቤት መረጥኩ። አዘጋጅ ኮሚቴው በዚያው እግረ መንገዱን የመጽሔቱን የመጨረሻ ገጽ፣ በሞት የተለዩንን ጓደኞቻችንን የምናስብበትን ገጽ፣ እንዳዘጋጅ ጨምሮ ሰጠኝ። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙ አልመሰለኝም ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ተገናኙብኝ። እንዴት እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሰውየው ሮበርት በርንስ ይባላል፤ የስኮትላንድ ገበሬና ባለቅኔ ነው። አንቱ አላልኩትም። የሞተው በ37 ዓመቱ ስለሆነ ዛሬ እኔ በዕድሜ ታላቁ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በርንስ ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በኤርሻየር አውራጃ፣ አሎዌይ በምትባል መንደር ተወለደ። የተወለደበትን የጭቃ ቤት አባቱ ዊልያም በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። አባትየው አትክልተኛ ነበሩ፤ በኋላ የሰው መሬት ተከራይተው ማረስ ጀመሩ። ከሰባት ልጆች የመጀመሪያው ሮበርት ነው። እናቱ አግነስ ሥራ እየሠሩ የድሮ ዘፈን ያንጎራጉሩ ነበር። ቤታቸው የምትመጣ ቤቲ ዴቪድሰን የምትባል ዘመዳቸው ደግሞ የጠንቋይና የመንፈስ ተረት አታልቅባትም። አባት ድሃ ቢሆኑም ለልጆቻቸው ትምህርት አይሰስቱም ነበር፤ ከጎረቤት ጋር አዋጥተው ጆን መርዶክ የሚባል ወጣት መምህር ቀጠሩ። ስለዚህ ይህ ልጅ ቀን ማረሻ ይዞ፣ ማታ መጽሐፍ ይዞ አደገ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሐኪምነቴ ይመጣብኛል። መሬቱ ክፉ፣ ኪራዩ ከባድ፣ ምግቡ ትንሽ ነበር። ሮበርት ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የሙሉ ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ወንድሙ ጊልበርት በኋላ እንደመሰከረው፣ በእነዚያ ዓመታት ማታ ማታ ራስ ምታት ያመው ነበር። ቆይቶ ራስ ምታቱ በልብ ምት ተተካ፤ ሌሊት አልጋው ላይ ተኝቶ የመታፈንና የመሳት ስሜት ይመጣበት ጀመር። ይህን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ብትነግሩት እንኳ ቀና ብሎ ያያችኋል። ለጥ ብሎ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ የሚመታ፣ በብርድና በእጥረት ያደገ ወጣት። እኛ አገር ዋርድ ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ አይተናል!

አባትየው በ1784 ዓ.ም. በዕዳና በሕመም ተዳክመው ሞቱ። ያስታመሟቸው የአካባቢው ሐኪም ዶክተር ጆን ማኬንዚ ናቸው። ዶክተሩ ከበሽተኛቸው ይልቅ የበሽተኛቸው ልጅ አነጋገር ገረማቸው። ወዳጁ ሆኑ፤ በኋላም በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ ፈላስፋ ከነበሩት ከዱጋልድ ስቱዋርት ቤት ወስደው አስተዋወቁት። በበርንስ ሕይወት ውስጥ ከገቡት አራት ሐኪሞች የመጀመሪያው እኚህ ናቸው። ሦስቱን ቁጠሩልኝ፤ ይመጣሉ።

በ1786 በርንስ ተጨንቆ ነበር። እርሻው አልሆነለትም፤ ጂን አርመርን አስረግዞ አባቷ አይሆንም ብለዋል። ጃማይካ ሄዶ በባሪያ ጉልበት በሚሠራ የሸንኮራ እርሻ ላይ በጸሐፊነት ሊቀጠር ተስማምቶ ነበር። ይህንን አልደብቅለትም። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የጻፈ ሰው ለዚያ ሥራ መፈረሙ የሚከብድ ነገር ነው። ለመርከቡ ገንዘብ ይሆነኛል ብሎ ግጥሞቹን በኪልማርኖክ ከተማ ጆን ዊልሰን ከሚባል አታሚ ዘንድ አሳተመ። ጁላይ 31 ቀን 1786 የወጣው ይህ መጽሐፍ 612 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ዋጋው ሦስት ሽልንግ። አንድ ወር ያህል ውስጥ አለቀ። ዓይነ ስውሩ ገጣሚ ቶማስ ብላክሎክ በደብዳቤ ሁለተኛ እትም እንዲወጣ ሲያበረታቱ መርከቡ ቀረና በርንስ ፊቱን ወደ ኤድንብራ አዞረ።

ኤድንብራ እንደ ብርቅ ተቀበለችው። በዚያ ዘመን የከተማው ምሁራን የስኮትላንድን አነጋገር ከአንደበታቸው ለማውጣት ይታገሉ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማሳመር የመማር ምልክት ነው። ይህ ገበሬ ግን በዚያው በገጠር ቋንቋው ጽፎ ሳሎናቸው ውስጥ ገባ። በ1787 ዊልያም ክሪች የሚባል አሳታሚ ሁለተኛውን እትም አወጣ፤ በርንስም የመጽሐፉን የባለቤትነት መብት በአንድ መቶ ጊኒ ሸጠለት። ገንዘቡን ለመቀበል ግን ብዙ መመላለስ ነበረበት። በዚያው ዓመት ለሁለተኛው ሐኪም፣ ለንደን ለሚኖሩት ለዶክተር ጆን ሙር፣ የሕይወት ታሪኩን በረጅም ደብዳቤ ጻፈላቸው። ዛሬ ስለ ልጅነቱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ደብዳቤ ነው። አንድ ሐኪም ንገረኝ ብሎ ሲሰማ ምን ያህል ነገር እንደሚገኝ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ለእኛ ታሪክ ግን የኤድንብራው ዋና ሰው ሌላ ነው። ጄምስ ጆንሰን ይባላል፤ የሙዚቃ ኖታ በብረት ሰሌዳ ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። ብዙም ያልተማረ፣ ፊደል እንኳ የሚሳሳት ሰው ነው ይሉታል፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። የስኮትላንድን ዘፈን ሁሉ፣ ከነዜማው፣ ሳይጠፋ በአንድ ላይ ላሳትም አለ። ሥራውን የስኮትላንድ የሙዚቃ ሙዚየም ብሎ ሰየመው። ከ1787 እስከ 1803 በስድስት ቅጽ ወጣ፤ በእያንዳንዱ ቅጽ መቶ ዘፈን፣ በጠቅላላው 600። ከዚህ ውስጥ ሲሶውን ያህል፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ፣ በርንስ ወይ ሰብስቦ፣ ወይ አቃንቶ፣ ወይ ራሱ ጽፎ የሰጠው ነው። አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። ለአገሬ ዘፈን ገንዘብ አልቀበልም ባይ ነበር።

በ1788 ጂንን አገባ፤ ከዳምፍሪስ ከተማ አጠገብ ኤሊስላንድ የሚባል እርሻ ያዘ። ያም እርሻ አልሆነም። በ1789 የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ፤ በሳምንት ሁለት መቶ ማይል ያህል በፈረስ ይጋልባል። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው። ግን በየሄደበት ጆሮው ክፍት ነው። ሽማግሌ ሲያንጎራጉር፣ ሴት ልጅ ከብት እያለበች ስትዘፍን፣ ቃሉን ይይዛል፣ ዜማውን ይይዛል፣ የጎደለውን ስንኝ ማታ ቤቱ ገብቶ ይሞላል።

ያ የእኛ ዘፈን፣ ኦልድ ላንግ ሳይን፣ በእጁ የገባው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ስሙ በስኮትላንድ ቋንቋ ድሮ፣ ያኔ በጥንቱ ጊዜ እንደማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። አብረው ኮረብታ ለኮረብታ ሮጠዋል፣ አብረው ወንዝ ውስጥ ተንቦጫርቀዋል፤ ከዚያ ኑሮና ባሕር ለያያቸው። አሁን ተገናኝተው፣ ስለዚያ ጊዜ ሲሉ አንድ ብርጭቆ ሊጠጡ ተቀምጠዋል። አለቀ። ያለ ግጥሙ ያለቀስነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ዜማው ራሱ ነግሮናል።

በርንስ ይህን ዘፈን ዲሴምበር 17 ቀን 1788 ለወዳጁ ለወይዘሮ ፍራንሲስ ደንሎፕ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ላከላቸው፤ ስሙ ያልታወቀውን የጥንት ገጣሚም እጅግ አመሰገነ። በ1793 ደግሞ ለሌላ የዘፈን አሳታሚ፣ ለጆርጅ ቶምሰን፣ ላከው። ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሰምቼ የጻፍኩት ነው፣ ከዚያ በፊት በኅትመትም በእጅ ጽሑፍም ያልነበረ ነው ብሎ አስረዳ። ይህ እውነት ነው? በከፊል። ተመሳሳይ አጀማመር ያለው የፍቅር ግጥም ጄምስ ዋትሰን በ1711 ባወጣው ስብስብ ውስጥ ታትሟል፤ አለን ራምዚም በዚያው መነሻ የራሱን ግጥም ጽፏል። እነዚያ ግን ስለ ፍቅረኛ ናቸው። ስለ ወንዙና ስለ ኮረብታው፣ ስለ ሁለቱ ጓደኛሞች የሚናገረውን ከሽማግሌው ሰማው ወይስ ራሱ ጻፈው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙ ተመራማሪዎች የበርንስ እጅ አለበት ይላሉ።

ጆንሰን ዘፈኑን በአምስተኛው ቅጽ፣ በቁጥር 413 አተመው። ከሥሩ የበርንስ ስም የለም። ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ የላቲኑ ፊደል ተራ የመጨረሻዋ፣ ዜድ። በዚያ መጽሐፍ ይህች ፊደል የድሮ ዘፈን ሆኖ እርማት ወይም ጭማሪ የተደረገበት ማለት ነው። እኛም አገር ስንት የለቅሶና የሠርግ ግጥም ባለቤቱ ሳይታወቅ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። በርንስ ራሱን ከእነዚያ ስም የለሾች ተራ አሰለፈ። ምስጋናውን ለሽማግሌው ተወለት። በአካዳሚው ዓለም ለምንኖር፣ በአንድ የምርምር ጽሑፍ ላይ ስሜ ሦስተኛ ሆነ አራተኛ ብለን ለምንኳረፍ ሰዎች ትንሽ ያሳፍራል።

ያ አምስተኛው ቅጽ የወጣው በ1796 ነው፤ በርንስ ግን ዘፈኑ ታትሞ አላየውም። ከ1795 ጀምሮ ጤናው እየከዳው ሄደ። በዚያ ዓመት መጸው ትንሿ ልጁ ኤልሳቤጥ ሞተችበት፤ ክረምቱን በከባድ የሩማቲክ ትኩሳት አልጋ ላይ ዋለ። ሦስተኛው ሐኪም እዚህ ይመጣሉ፤ ዶክተር ዊልያም ማክስዌል። የተማሩና ደግ ሰው ነበሩ፤ በርንስን ይወዱታል። በጁላይ 1796 ብራው ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር ሄዶ በሶልዌይ ባሕር እንዲታጠብ፣ የማዕድኑንም ውኃ እንዲጠጣ መከሩት። በርንስ ታዘዘ። አጥንቱ ቀርቶ፣ ያ ትልቅ ገበሬ ሰው፣ እስከ ብብቱ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ይገባ ነበር። የደከመ ልብ ላለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዶክተር ማክስዌልን ግን አልፈርድባቸውም። ስቴቶስኮፕ የተፈለሰፈው ከዚያ 20 ዓመት ቆይቶ ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። ባላቸው እውቀት አከሙ።

እዚያው ባሕር ዳር ሳለ ለደንብ ልብስ ጨርቅ የቀረበት ዕዳ እስር ቤት እንዳያስገባው ፈርቶ፣ ያ ለዘፈን ገንዘብ አልቀበልም ይል የነበረ ሰው፣ ጆርጅ ቶምሰንን አምስት ፓውንድ ለመነ። ቶምሰን ላከለት። ጁላይ 21 ቀን 1796 ዳምፍሪስ ከቤቱ ሞተ። የተቀበረው ጁላይ 25 ነው። በዚያችው ቀን፣ ቀብሩ ሲካሄድ፣ ጂን ምጥ ላይ ነበረች፤ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ማን እንዳለችው ታውቃላችሁ? ማክስዌል። በሐኪሙ ስም። ማዳን ላልቻለ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ምሕረት አላውቅም።

አራተኛው ሐኪም ዶክተር ጄምስ ከሪ ናቸው። የሊቨርፑል ሐኪም፣ በትኩሳት ሕክምናና በሙቀት መለኪያ አጠቃቀም በዘመናቸው የታወቁ፣ የባሪያ ንግድንም የተቃወሙ ጥሩ ሰው ነበሩ። ለመበለቲቱና ለልጆቹ ገንዘብ እንዲገኝ ብለው የበርንስን ሥራዎች ሰብስበው በ1800 በአራት ቅጽ አሳተሙ። ገንዘቡም ተገኘ፤ ቤተሰቡ ከችግር ወጣ። ግን ከግጥሞቹ ጋር የሕይወት ታሪኩንም ጻፉ፤ በዚያ ውስጥ የበርንስን መጨረሻ ከመጠጥ ጋር አያያዙት። አክመውት አያውቁም። ሆኖም የጻፉት ሐኪም ናቸውና ሰው አመነ። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ሮበርት በርንስ ሰክሮ የሞተ ባለቅኔ ሆኖ ኖረ። በርንስ ይጠጣ ነበር፤ ዘመኑም የሚጠጣበት ነበር። ከተለያዩ ሴቶች ልጆች ወልዷል፤ አንዷን ሴት ልጁን ጂን ከራሷ ልጆች ጋር አሳድጋታለች። መልአክ አልነበረም። ነገር ግን በ1920ዎቹ ሰር ጄምስ ክራይተን ብራውን የሚባሉ ሐኪም ደብዳቤዎቹንና የጊልበርትን ምስክርነት እንደገና መርምረው፣ ሰውየውን የገደለው በልጅነቱ የጀመረ የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው አሉ። ዛሬ በብዛት ተቀባይነት ያለው ሐሳብ ይህ ነው፤ ምናልባትም በመጨረሻ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ተጨምሮበት።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። ምክንያቱ ይኸው።

ኢንተርን ሳለሁ፣ በአንድ የተረኝነት ሌሊት፣ አንድ ወጣት በወንድሙ ተደግፎ መጣ። እግሩ አብጧል፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ደክሞኝ ነበር፤ ከኋላው ሌሎች አሥር ሰዎች ተሰልፈዋል። ካርዱ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ጠጪ ነው ብዬ ጀመርኩና ነገሩን ሁሉ ወደ ጉበት ወሰድኩት። ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየራችን ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ማዳመጫውን ከአንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ። የማይትራል ቫልቩ ድምፅ ከደረቱ አልፎ ክፍሉን የሚሞላ መሰለኝ። ወንድሙን ስንጠይቀው፣ ልጅ ሳለ በየወሩ መርፌ ይወጋ እንደነበርና ከተማው ሲርቅባቸው እንደተወው ነገረን። አረቄውን በመንገድ ላይ ለብርዱ ብሎ ያቀመሰው ራሱ ነው፤ ወንድሜ አይጠጣም ብሎ ማለልን። ቃሌን ሰረዝኩት። ግን ከስርዙ ሥር ይነበብ ነበር። በየፈረቃው የሚመጣው ሁሉ ስንት ዓመት ጠጣህ እያለ ጠየቀው። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ወንድሙ አስከሬኑን ሲወስድ ፊቴን አላየኝም።

ዶክተር ከሪን ሳነብ ያቺ የተሰረዘች ቃል ናት የታየችኝ።

ዘፈኑ ግን መንገዱን ቀጠለ። ጆርጅ ቶምሰን በ1799 በራሱ ስብስብ ውስጥ አተመው፤ ጆንሰን ካተመበት ዜማ በተለየ ዜማ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ይኼኛውን ነው። ቤትሆቨን እንኳ ለቶምሰን አቀናብሮታል። በ1881 ጃፓኖች ሌላ ግጥም አልብሰው በትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ አስገቡት፤ እስከ ዛሬ በምረቃ ቀን ይዘምሩታል። ኮሪያውያን እስከ 1948 ድረስ ብሔራዊ መዝሙራቸውን በዚህ ዜማ ዘምረዋል። ከ1929 ዋዜማ ጀምሮ የጋይ ሎምባርዶ ባንድ ኒው ዮርክ ላይ በራዲዮ ሲጫወተው የአዲስ ዓመት ዘፈን ሆነ። ኖታውን በመጀመሪያ የቀረጸው ጄምስ ጆንሰን ግን ስድስተኛውን ቅጽ ጨርሶ በ1811 በድህነት ሞተ።

አሁን ወደ መጨረሻው ገጽ። ገጹን ገልጣችሁ ስታዩ የጓደኞቻችን ማስታወሻ ከወትሮው አጠር ብሎ ታገኙታላችሁ። ከቤተሰብ ያልሰማሁትን፣ ራሴ ያላየሁትን አልጻፍኩም። እንዴት እንደሞቱ ከማተት ይልቅ ሳሉ የሠሩትን ጻፍኩ። ስለ አንዱ ጓደኛችን ሲወራ የሰማችሁትና እኔም የሰማሁት ነገር አለ፤ እዚያ የለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እኛ ሐኪሞች የጻፍነው ይታመናልና።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ያ የልብ በሽታ ከስኮትላንድ ገጠር ጠፍቷል፤ ከእኛ ዋርድ አልጠፋም። ጉሮሮው የታመመ ሕፃን በጊዜ ከታከመ፣ በበሽታው የተያዘውም የወር መርፌውን ካላቋረጠ፣ ብዙ ወጣት ይተርፋል። ተማሪዎቻችሁ ካርድ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ደረት ላይ ቆየት ይበሉ።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፦ በዘንድሮው እራት መጨረሻ ያ ዜማ መጀመሩ አይቀርም። ላላላ እንበለው፣ ግድ የለም። አሁን ግን ሁለቱ ጓደኛሞች ምን እየተባባሉ እንደሆነ ታውቃላችሁ።